በጋቢ ያወጣነው ጥላ

ክረምት ሲገባ ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል። ሚስቴ ሳሽ ስታየኝ፣ «ደግሞ ያ ጋቢ ተነሣብህ?» ትለኛለች። ሐኪሙ ለሕመሙ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ እኔ ግን ከሚስቴ ጋር ነኝ። ጋቢው ነው። ልጆቼ ይህን ታሪክ ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል፤ ስጀምር አንዱ ስልኩን ያነሣል፣ ሌላዋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስለዚህ ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ። ነገሩ የአንድ ቀን ነው፤ ቀኑ ግን አልመሽ ብሎኝ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ማብቂያ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌቪዥን የምጠግን፣ ካሜራ የማገጣጥም፣ ሱሪዬ ከታች የሰፋ፣ ጠጉሬን ያጎፈርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ያየኝ ሁሉ ይህ ልጅ ምን ጎደለው ይል ነበር። የጎደለኝ አገሬ መግባት ነበር። ታላቅ ወንድሜ በማሳ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ወህኒ ወርዷል። የሟች ወንድም ደምሴ ይባላል። ከቤታችን ከወህኒ ውጭ የቀረሁት ወንድ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደሙ የሚፈለገው ከእኔ ነው። ላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ያለው መንደራችን ድርሽ ካልኩ ደምሴ እንደማይምረኝ አገር ያውቃል። በዚህ ምክንያት እናቴን ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ከአገር የመጣ ሰው «ደህና ናት» ይለኛል። የእናትን ደህንነት ሁልጊዜ በሰው አፍ መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ መልእክት መጣልኝ። መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ዕርቁን ይዘውታል፣ ቶሎ ድረስ የሚል ነው። መሪጌታ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው። አገሩ የሚያከብራቸው ግን በዜማቸው ብቻ አይደለም። ጥላቸው ከባድ ነው ይባላል። እሳቸው ብቅ ሲሉ የሚጯጯኸው ይረጋል፣ የተነሣው ዱላ ይወርዳል። ደምሴ ስንቱን ሽማግሌ ከደጁ መልሶ፣ ለሳቸው ግን «እርስዎ ካሉማ እሺ» ብሏል። ዝናብ ከጣለ ሁሉም ወደ እርሻው ይበተናል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ደግሞ የደምሴ ልብ የት እንደሚያድር ማንም አያውቅም። መሆን ያለበት አሁን ነው።

እንዴት እንደምሄድ ሳወጣ ሳወርድ፣ እግዜር ሄንሪክን ላከልኝ። ሄንሪክ ጢሙ ቀይ፣ ቁመቱ ሸምበቆ የሚያክል ፈረንጅ ነው። እሠራበት ወደነበረው ቤት የመጣው መሣሪያውን የሚሸከምለትና የሚያስተረጉምለት ሰው ፍለጋ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ሲነግረኝ መጀመሪያ ያሾፈብኝ መሰለኝ። አንድ ካሜራ፣ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ቁልፍ የበዛበት አንድ ሣጥን፣ መብራት የሚሰጥ አንድ ትንሽ ሞተር አለው። ካሜራውን መልሶ ወደ ራሱ ቴሌቪዥን ያዞረዋል። ያኔ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቴሌቪዥን፣ እዚያም ውስጥ ሌላ፣ እያለ ማለቂያ ወደሌለው ጉድጓድ ይወርዳል፤ ካሜራውን ትንሽ ዘንበል ሲያደርገው ጉድጓዱ እንደ እንዝርት መሾር ይጀምራል። የሣጥኑን ቁልፍ ሲነካ ደግሞ የሰው ፊት ይለጠጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ይሆናል። እኛ ዕድሜያችንን ምስል እንዳይጣመም ስንጠግን፣ ይኼ ሰውዬ ለማጣመም ባሕር ተሻግሮ መጣ! ሥዕል ነው ይላል። ቀለም የሌለው፣ በመብራት ብቻ የሚሣል ሥዕል። አሁን የካህናት መቋሚያ ሲወዛወዝ በሣጥኑ ውስጥ ምን እንደሚመስል ማየት አምሮታል።

«መቋሚያ ከፈለግህማ ጋይንት ነው» አልኩት። ዕርቁንም ነገርኩት፤ የራሴን ጉዳይ ደብቄ ሰውን አላጓጉዝም።

በላንድሮቨር መንገዱ እስከሚፈቅደው፣ ከዚያ በበቅሎ ደረስን። መሪጌታ አስጠለሉን። ከእሳቸው ቤት ያለ ሰው ስለማይነካ ለእኔ ከዚያ የተሻለ ምሽግ አልነበረም። ሄንሪክን ስሙ ስላስቸገራቸው «ሄኖክ» አሉትና ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም በር ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከኋላቸው የበሩ ጨለማ፣ ከፊታቸው ፀሐይ። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ መቋሚያው ከትከሻቸው ተደግፏል። ሄንሪክ ፈቃድ ጠይቅልኝ አለኝ።

«ይየኝ እንጂ» አሉ መሪጌታ፣ «እግዜርም ያየኛል፤ በእሱ ያላፈርኩ በሄኖክ ላፍር ነው?»

ካሜራውን ተከለላቸው። መሪጌታ ሲጸልዩ ዐይናቸው ብቻ እንጂ ሌላ ነገራቸው አይነቃነቅም። ሄንሪክም እንደተቀመጡ ተዋቸው፤ ዳዊቱ እስኪያልቅ ካሜራው እሳቸው ላይ ተተክሎ ረፈደ። እኔ ፈቃዱን ካስገኘሁ በኋላ በመሪጌታ ተማሪዎች ታጅቤ ቤንዚን ፍለጋ ንፋስ መውጫ ገበያ ወርጄ ነበርና ይህን አላየሁም።

የዕርቁ ቀን ነጋ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው መስክ ላይ የእኛ ወገን በአንድ በኩል፣ የደምሴ ወገን በሌላ በኩል ተቀመጠ፤ መካከሉ ባዶ ነው። ደም ያለባቸው ሰዎች ቃለ መሐላው ሳይፈጸም አይቀራረቡም፣ አይነጋገሩም። ደምሴን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ በርኖሱን እንደ ደነደነ ቆዳ የለበሰ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አየኝና ፊቱን መለሰ። እናቴ ሴቶቹ መካከል እንዳለች አውቃለሁ፤ ግን ሥርዐቱ አይፈቅድምና ዐይኔን ወደዚያ እንዳልልክ ከራሴ ጋር ግብግብ ገጠምኩ።

ሽማግሌዎቹ እስኪሟሉ ሄንሪክ ቴሌቪዥኑን ደጀ ሰላሙ ጨለማ ውስጥ፣ ካሜራውን በሩ ላይ አስቀምጦ ሞተሩን አስነሣ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየገባ ራሱን እንዲያይ ፈልጎ ነው። መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከደምሴ ወገን አክስቱ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት፣ ራሳቸውን አይተው «ውይ፣ ይህን ያህል አርጅቼ ነው እንዴ ዝም የምትሉኝ!» እያሉ ወጡ። ቀጥሎ ደምሴ ገባ። እሱ ሲገባ ሳቁ ቆመ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እናንተ ሰዎች!» ብሎ ጮኸ። «መሪጌታ ከሣጥኑ ውስጥ ናቸው!»

ሮጬ ገባሁ። እውነቱን ነው። የሚገባው ሰው ፊት በቴሌቪዥኑ ይታያል፤ ከፊቱ ላይ ግን እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ የሰው ቅርጽ ተጋርዷል፤ ሌላው የራሱን ፊት ለማየት ሲቸኩል አላስተዋለውም እንጂ። ጥምጥም፣ ጢም፣ የተደገፈ መቋሚያ። ነጩ ጋቢ ጥቁር ሆኗል። ካሜራውን ወደ ሰማይ አዞርኩት፤ ቅርጹ ሰማዩ ላይ ተቀመጠ። ወደ መሬት አዞርኩት፤ መሬቱ ላይም አለ። ወዲያው ገባኝ። የካሜራው ዐይን አንድ የደመቀ ነገር ላይ ብዙ ተተክሎ ሲውል ይቃጠልና ያን ነገር ይዞ ይቀራል። በእኛ መሥሪያ ቤት ካሜራ መብራት ላይ ተክሎ የረሳ ሠራተኛ ይቀጣ ነበር። ይህን ለመስኩ ሰው በምን ቋንቋ ልንገረው?

መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣ ብለው «ምንድን ነው ሁካታው?» አሉ።

«ጥላዎን ገፈውታል መሪጌታ!» አለ ደምሴ። በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ ነው። «ይኸ የገዳይ ወንድም ፈረንጅ አስከትሎ መጥቶ ጥላዎን ሣጥን ውስጥ ከተተው! ጥላ የሌለው ሰው ያስታረቀው ዕርቅ ደግሞ ምን ይጸናል? ነገ ዕርቁን ቢያፈርሱት የሚፈሩት ማንን ነው?»

መሪጌታ ሳቅ አሉ። «ጥላዬማ ይኸው ከእግሬ ሥር» ብለው በመቋሚያቸው ወደ መሬት ጠቆሙ።

ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። ፀሐይዋን የግንቦት ደመና ሸፍኗታል። ከእግራቸው ሥር ምንም የለም።

ከደምሴ ወገን ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ጨብጠው ተነሡ። ለመሮጥ በዐይኔ መውጫ ፈለግሁ። መሪጌታ ሳቃቸውን ዋጡና እጃቸውን አነሡ።

«ተቀመጡ!» አሉ። ተቀመጡ፤ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ አልነበረም። መሪጌታም ይህን አይተውታል። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጥላዬ ከሣጥን እንደማይገባ እኔ አውቃለሁ። ግን ያንድ ሰው ልብ እንኳ ከከፋው ይኼ ዕርቅ አይሆንም። ያን ነገር ታወጣዋለህ?»

«አወጣዋለሁ አባቴ።»

«መቼ?»

«ዛሬ… ከቀናኝ።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ እንጠብቅሃለን» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ግን ሰውን ልይዘው አልችልም።»

ሄንሪክ ዘንድ ስሄድ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክኮ ዐይኑ በደስታ እንባ አቅርሯል። «እየው!» ይለኛል በእንግሊዝኛ። «ማንም አልሣለውም! መሣሪያው ራሱ አስታወሰ! ዕድሜዬን የፈለግሁት ይኸን ነበር።»

«ማጥፋት አለብን» አልኩት።

«አይሆንም።»

አልተቆጣሁትም። ለቁጣ የሚሆን አቅም አልነበረኝም። እጁን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኩትና ደምሴን አሳየሁት። «ያ ሰውዬ ይታይሃል? ሥዕልህ ካልጠፋ እሱ እኔን ይገድለኛል። ዛሬ ባይሆን ሌላ ቀን። እናቴ ደግሞ እዚያ ሴቶቹ መካከል ናት። እስካሁን አልሳምኳትም።»

ደምሴን አየው፤ ቴሌቪዥኑን አየው፤ መልሶ እኔን አየኝ። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና «ነጭ ግድግዳ አለ?» አለኝ።

መድኃኒቱ እሱ ነው። የተቃጠለ ካሜራ እኩል የበራ፣ ንጹሕ ነጭ ነገር ላይ ተተክሎ ከዋለ ቀስ በቀስ ይጠራል። ካልቀናው ደግሞ አይጠራም። ግን በዚያ ዘመን በእኛ መንደር ነጭ ግድግዳ ከየት ይምጣ? ቤቱ ሁሉ ጭቃ ነው። ጋቢ ይሁን አልኩ። የማን ጋቢ? የእኛ ወገን ያቀረበውን የደምሴ ወገን «ነገር አለበት» አለ፤ የእነሱን ደግሞ የእኛዎቹ እንቢ አሉ። በመጨረሻ መሪጌታ ለዕርቁ ብለው በእንዶድ ያሳጠቡትን የራሳቸውን አወለቁና በእጀ ጠባብ ቀሩ።

«ጥላዬን ወስዶ እንደሆነ ጋቢዬን ቢጨምር ምን አጣለሁ» አሉ።

በሁለት እንጨት ብንወጥረው የንፋስ መውጫ ነፋስ አንዴ ነፍቶ እንጨቱን ነቀለብን። ጋቢው ሲርገበገብ ደግሞ እጥፋቱ ጥላ ይሠራል፤ እኩል ካልበራ ዋጋ የለውም። ሰው ይያዘው ተባለ። ሄንሪክ ካሜራው ላይ ነው፤ እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ከእኛ ወገን አንድ አጎቴ ሌላውን ሊይዝ ሲነሣ ደምሴ ዘለለና ቀማው።

«ሁለታችሁም የአንድ ወገን ናችሁ። ምን እንደምትሠሩበት ማን ያያል? እኔ እይዛለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ሳይታረቁ እንዴት ባንድ ጨርቅ ይያያዛሉ? መሪጌታ ሁለታችንን አዩን። «ይያዙት። ግን ቃል እንዳይነጋገሩ» አሉ።

ታዲያ አንባቢዎቼ፣ እስቲ አስቡት። ደሜን የሚፈልገው ሰው ከፊቴ ቆሟል፤ በመካከላችን አንድ ጋቢ ብቻ ነው፤ ክንዳችን ወደ ላይ ተሰቅሏል። ደመናው ተገፎ ፀሐይዋ ጋቢው ላይ አረፈች። እኔና እሱ ቴሌቪዥኑን ማየት አንችልም። የምናየው እርስ በርሳችንን ነው። እስካሁን ከእሱ ያሸሸሁት ዐይን መሄጃ አጣ።

ወሬ የሚያቀብሉን እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ከደጀ ሰላሙ ብቅ እያሉ ይለፍፋሉ። «እንዳሉ ናቸው!» ቆይተው፣ «እንዳሉ ናቸው፣ ንቅንቅ አላሉም!» እያንዳንዷ ቃል ለእኔ ጥይት ናት። ክንዴ መጀመሪያ ጋለ፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ክንድ ሆነ። ነፋሱ መጣና በእኔ በኩል ጋቢው ረገበ።

«ሳብ» አለ ደምሴ።

ለእኔ ብቻ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሳብኩ። መሪጌታ ሰምተዋል፤ ግን ሰማይ ሰማይ እያዩ ጢማቸውን ይዳስሱ ጀመር።

ቆየት ብሎ በእሱ በኩል ረገበ። አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ሳብ» አልኩት። አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳበ።

«ጥምጥማቸው ገረጣ!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። መስኩ ተንጫጫ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተቆጧቸው፤ ገና ነው። ጥቂት ቆይቶ ከምስሉ ጋቢው ሄደ፣ ጢሙ ሄደ። ሁለቱ ወገኖች ለማየት ሲጋፉ ባዶው መካከል ጠፍቶ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተንጠራርቷል። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ሌላ የማየው አልነበረኝማ።

«ክንድህ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለ ደምሴ በሹክሹክታ።

«የለም።»

«ታናሼም እንደዚህ ግትር ነበር» አለ። ታናሹ፣ ወንድሜ የገደለው ነው። እንባዬ መጣ፤ የምጠርግበት እጅ ግን አልነበረኝም። ወረደ። እሱም አየው።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። እትዬ ጥሩወርቅ ብቅ አሉ። «ሁሉ ሄዷል፤ መቋሚያው ብቻ አልሄድ አለ!»

«መቋሚያማ ቢቀርላቸው ምን አለበት» አለ አንድ ሰው።

«እሱም የሳቸው ነው» አለ ደምሴ።

ይህን እንዳለ ሞተሩ አስነጠሰ። ቤንዚኑ አልቋል። አንዴ ተንገፈገፈ፣ ሁለተኛ ተንገፈገፈ፣ ጸጥ አለ። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ያለው ሰው ባንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። ቴሌቪዥኑ ጨልሟል። መቋሚያው ሄዶ ይሁን ቀርቶ ማንም አላየም። ንፋስ መውጫ ወርዶ ቤንዚን እስኪመጣ ይመሻል። አለቀልኝ አልኩ። ጋቢውን ግን አልለቀቅሁም፤ ደምሴም አልለቀቀም።

መሪጌታ ቀስ ብለው መጥተው መካከላችን ቆሙ።

«ደምሴ» አሉ፣ «ሣጥኑ ዝም ብሏል። እንግዲህ አንተ ተናገር። ምን ትላለህ?»

ደምሴ ዐይኑን ዝቅ አደረገ። የምታዘቀዝቀው ፀሐይ ከኋላቸው ስለነበረች የመሪጌታ ጥላ በጋቢው ሥር አልፎ፣ በሣሩ ላይ ረዝሞ ተጋድሟል። መቋሚያውም ከጎናቸው አለ፣ ከሰውየው ይበልጥ ረዝሞ። ደምሴ ያን መቋሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ወጥቷል» አለ።

ከዚያ ሁሉም በሥርዐቱ መሠረት መሆን ነበረበት፤ አልሆነም እንጂ። ድንጋይ ተሸክሜ ከደምሴ ፊት ወደቅሁ። «ስለ መድኃኔ ዓለም ማረኝ» አልኩ። እሱ «ምሬሃለሁ» ብሎ ድንጋዩን ከጫንቃዬ ማንሣት አለበት። «ምሬሃለሁ» አለ። ድንጋዩን ግን ማንሣት አቃተው። ክንዱ በድን ሆኗል። እኔም ደግፌ መያዝ አቅቶኛል። ድንጋዩ ተንሸራተተና መሪጌታ እግር አጠገብ ዱብ አለ። ሽማግሌዎቹ ክፉ ምልክት መስሏቸው አማተቡ።

ደምሴ ግን ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በደረቱ፣ ከዚያ መሬት ቁጭ ብሎ። እኔም በግንባሬ እንደተደፋሁ ሳቁ ያዘኝ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ዕርቅ በሳቅ ስናይ ይኸ መጀመሪያችን ነው!» አሉና እልልታውን ለቀቁት።

እናቴን ያገኘኋት ያን ምሽት በገዛ ቤቷ ደጃፍ ነው። ላቅፋት ብዬ ክንዴ አልነሣ አለኝ። እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። እሷ አቀፈችኝ። «እጅህን ምን አደረጉት?» እያለች ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ዳበሰችኝ። «ምንም አላደረጉኝም እናቴ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ያን ዕለት ምንም አላደረጉኝም። እናቴ ቤት ተኛሁ፣ በሩ ሳይቀረቀር።

ሄንሪክ ሲመለስ በመንገድ ላይ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ድንች መስሏል። ሥዕሉ መጥፋቱ ቆጭቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። «በጣም!» አለኝና ሳቀ። መቋሚያ ሲወዛወዝ ግን በማግስቱ አሳይተውት ነበር፤ ካህናቱ ራሳቸው ጠርተውት ወረብ ወረቡለት። ካሜራውን ለአንድ አፍታ እንኳ ሳያሳርፍ ከወዲህ ወዲያ ሲያዟዙር ዋለ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ከካሜራ ጋር ኖሬያለሁ። ዛሬ ምስል ጠፋብኝ ብሎ ሰው ሲሳቀቅ እሰማለሁ፣ የእኔ ጭንቀት ግን በተቃራኒው ነበር፤ አንድ ምስል ሲጠፋልኝ ነው ሰው የሆንኩት። ከዚያ ቀን በፊት ዕርቅ ማለት ጥሩ ቃል የሚያውቅ ሽማግሌ ማግኘት ይመስለኝ ነበር፤ ሸምድጄ የምናገረው ንግግር እንኳ ከአዲስ አበባ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱንም አልተናገርኩትም። ከተጣላችሁት ሰው ጋር የምትናገሩት ቢጠፋባችሁ አትጨነቁ። አብራችሁ የምትይዙት ነገር ፈልጉ፣ ከባድ ቢሆን ይመረጣል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደምሴ ልጁን ሲድር ጠርቶኝ ሄድኩ። ደርሼ ከበቅሎ ሳልወርድ የዳሱን ሸራ ሲወጥር አገኘሁት። ጠጉሩ ሸብቷል። እንዴት ነህ አላለኝም። የሸራውን አንድ ጫፍ ወረወረልኝና፣

«ሳብ» አለኝ።